አንጓችና አራቱ ክቦች

አንጓች ማረፏን የሰማሁት ከእስቴ ጤፍ ጭኖ ከመጣ ነጋዴ ነው። ሰውየው እንደማውቃት አያውቅም። ጤፉን እየሰፈረልኝ አጠገቡ ላለው ጓደኛው ሲያወራ፣ መምህርት አንጓች ትናንት ተቀበሩ፣ ከተማው ሁሉ ቀብር ወጥቶ ሱቅ እንኳ አልተከፈተም አለው። የትኛዋ አንጓች ናት ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«እስቴ ውስጥ መምህርት አንጓች አንድ ናቸው፣ እማማ» አለኝ።

ጤፉን ሳልቀበል ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የልጅ ልጆቼ በቀላሉ እንደማላለቅስ ስለሚያውቁ ደነገጡ። ምንሽ ናት አሉኝ። እናቴ ቤት ተቀምጣ የተማረች የሲማዳ ልጅ ናት አልኳቸው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ከእውነቱ ሲሶውን አይሞላም። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሑፌ ቢጎረብጥ አትፍረዱብኝ። ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ ግን አልፈለግሁም።

እኔ ያደግሁት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። ቤታችን ወደ ገበያው በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። አንጓች ወደኛ የመጣችው ንጉሡ ከመውረዳቸው አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በእናቴ በኩል ትዛመደናለች። ከሲማዳ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ፣ አንድ ስልቻ በሶ በጀርባዋ አዝላ ደረሰች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ይሆናል፤ የገባችው ግን ከኔ ጋር ሦስተኛ ክፍል ነበር። ልጆቹ ሳቁባት። ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሒሳብ የምታሠራቸው እሷ ሆነች። በሁለት ዓመት አምስት ክፍል ዘላ ስምንተኛ ስትደርስ እኔ አምስተኛ ላይ ነበርኩ።

ግራኝ ናት። ስትበላ በቀኝ ትበላለች፤ ሥራ ሲመጣ ግን ግራ እጇ ይቀድማል። አንድ ነገር ከሌላው ጋር ስታስተያይ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። እናቴ ዳቦ ለኛ ስታካፍል አንጓች ሁልጊዜ የምትላት ነገር ነበር፤ «የቆረሰ መጨረሻ ያንሳ»። እናቴ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ ቤቴ ገብታ ልትዳኘኝ ነው ወይ ትል ነበር። በኋላ እሷም መጨረሻ ማንሳት ለመደች። እኔን «ሚጥሚጣ» ብላ ነበር የምትጠራኝ። ከሷ በቀር ማንም እንደዚያ ጠርቶኝ አያውቅም።

ይህ የእኩልነት ነገር ከየት እንደመጣባት አንድ ቀን ነገረችኝ። አባቷ ሲሞት እናቷና አጎቶቿ መሬት ተካፈሉ። በኛ አገር መሬት ሲከፈል ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ ሰው እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ የገል ስባሪ ይሰጣል፤ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተቀብሎ በየመሬቱ ላይ ይጥላቸዋል። ዕጣህ የወደቀበት መሬት ያንተ ነው። አጎቷ ዕጣ ጣዩን አስቀድሞ በጆሮው አናግሮት ነበር። ስለዚህ የእናቷ ገል ድንጋያማው ጥግ ላይ፣ የአጎቷ ጠጠር ወንዝ ዳሩ ለም መሬት ላይ ወደቀ። አንጓች ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነች። ሽማግሌዎቹ መሐል ገብታ እንደገና ይጣል አለች። ሊያባርሯት ሲነሱ ከወንዙ ጭቃ ዘግና መጣችና ሁሉንም ዕጣ አንድ በአንድ በጭቃ ጠቅልላ፣ በእጇ አድቦልቡላ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ እኩል እኩል ክብ አደረገችው። አሁን ጣሉት አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አጡ። ጣዩ ጣለ። ከዚያ ጭቃው እየተሰበረ ታየ። ወንዝ ዳሩ ለእናቷ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንጓች ስምንተኛ ክፍል በደረሰችበት ዓመት፣ ከተማ ወርደው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ያገራችን ልጆች አድማ መትተው ተባረሩና ወደየቤታቸው ተበተኑ። መሪያቸው ጌታነህ የሚባል የአርብ ገበያ ልጅ ነበር። ንግግር ይችላል፤ ደፋርም ነው፤ ይህን ልነሳው አልፈልግም። ገበሬውን እናነቃለን ብለው ተነሱ። ገበሬው ማንበብ ስለማይችል ምልክት ያስፈልገናል አሉና ተሰብስበው በአቡጀዲ ላይ በቀይ ቀለም የተበጠሰ ሰንሰለት ሣሉ። አንጓችን የፈለጓት ጨርቁን እንድትዘመዝምላቸው ብቻ ነበር። ዘመዘመችላቸው። ሥዕሉ ለማን ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ለሰፊው ሕዝብ ነው አሉ። ሰፊው ሕዝብ አይቶታል ወይ አለች። ሳቁባት።

አርብ ዕለት ጨርቁን በሁለት ዘንግ ወጥረው ገበያ መሐል ገቡ። ያን ጊዜ ከዓባይ ማዶ ወሬ መጥቶ ነበር፤ መሬት የሚለኩ ሰዎች ሰንሰለት እየጎተቱ በየማሳው ይዞራሉ፣ ከለኩ በኋላ ግብር ይቆልላሉ የሚል ወሬ። ገበሬው ሰንሰለቱን ሲያይ ሌላ ምን ያስብ? «ለኪዎቹ መጡ» የሚል ድምፅ ከእህል ተራ ተነሣና ገበያው በአንድ ጊዜ ዱላውን አነሣ። ጌታነህ፣ የተበጠሰ እኮ ነው፣ የተበጠሰ ነው እያለ ይጮሃል። ጎረቤታችን አያ ባየህ፣ በነገር አዋቂነታቸው የሚፈሩ ሽማግሌ፣ ፊት ለፊቱ ቆመው መለሱለት።

«የተበጠሰ ከሆነማ ይባስ ነው፣ ልጄ። የተበጠሰ ማለት ያጠረ ማለት ነው። ባጠረ ሰንሰለት ሲለካ አንዱ ጥማድ ሁለት ይሆናል፤ ግብሩም ሁለት ይሆናል።»

ልጆቹ ሮጠው አመለጡ። ጌታነህ አንድ ጫማውን ጥሎ ነው ያመለጠው። አቡጀዲውን አንዲት ሴት ወስዳ የበርበሬ ማስጫ አደረገችው። ማታ እኛ ቤት ተሰብስበው ሲያለቅሱ አይሉት ሲቆጡ፣ ጌታነህ ገበሬው ገና አልነቃም አለ። አንጓች ከጥግ ሆና «ነቅቶ ነው እንጂ ያባረራችሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ምልክቱን እኔ እሠራዋለሁ አለች። ማንንም አላስፈቀደችም። እናቴ አርብ አርብ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጠጣሉ። አንጓች ከመደቡ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ ነገር ትሥልና ማድጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ሰዎቹን ምን ይመስላችኋል ብዬ ልጠይቃቸው ስል በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ከጠየቅሽው ደስ የሚልሽን ይነግርሻል» አለችኝ በኋላ። «ዝም ካልሽው የታየውን ይናገራል።»

መጀመሪያ ሚዛን ሣለች። ፍትሕ ማለቷ ነው። የገቡት ሰዎች ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ሲመዝን ታያቸውና አማተቡ፤ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቴን ማን ሞተባችሁ አላት። በሚቀጥለው አርብ የተጨበጠ እጅ ሣለች። ሁለት ሰዎች፣ እጁ የባለቤትየዋ ነው፣ ሰክሮ የረበሸ ይመታል ማለት ነው ብለው እየተሳሳቁ ጠጡ። ሦስተኛው መጽሐፍ ነበር። አንድ ሰው ገባና አይቶት የአስራት መዝገብ መስሎት ጠላውን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ። እናቴ፣ ገበያዬን ልትዘጊው ነው፣ ግድግዳዬንም የቆሎ ተማሪ ሰሌዳ አደረግሽው ብላ ተቆጣች። አንጓች ግድግዳውን በእበት ለቀለቀችላትና አንድ አርብ ብቻ ለመነች።

አራተኛው አርብ በአንድ መስመር ላይ አራት ክቦች ሣለች። ሌላ ምንም የለውም። አንድ ዓይኗን ጨፍና አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ስትለፋ ረፋዱን ሙሉ ቆየች። አያ ባየህ ገቡና ተቀመጡ። ዋንጫቸውን እንደያዙ ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«ዕጣ ነው» አሉ።

ሰውየውም አየና ራሱን ነቀነቀ። አራት ጠጠር፣ አራት ሰው ነው፣ እኩል ነው፣ ማንም የራሱን አላሳበጠም አለ። ሌላው ደግሞ፣ አዎ ጌታውም ድኻውም አይለይም አለ። አያ ባየህ ግን አሁንም ያያሉ።

«የሚጥለው ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ክርክሩ ጀመረ። በየአገራችን የሚጥልብን ማነው፣ ማን ሾመው፣ ማን በጆሮው አናገረው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ አላባራም። በቤታችን እንደዚያ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። አንጓችን ዞሬ አየኋት። ማድጋውን ተደግፋ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ይዛ ትስቃለች፤ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ያን ሳቅ ከዚያ በኋላ በማንም ፊት ላይ አላየሁትም።

ጌታነህ ሥዕሉን ሲያይ ፊቱን ቋጠረ። እንቁላል ነው የሚመስለው፣ ትግሉ የታለ አላት። ትግሉ መደቡ ላይ ነው፣ ገብተህ ስማ አለችው። ገብቶ ሰማ። ሰምቶ ሲወጣ እንቁላል ነው ማለቱን ተወ።

በአንድ ወር ውስጥ አራቱ ክቦች ያልደረሱበት የለም። ቀለምና አቡጀዲ አያስፈልገውም፤ ከሰል ያለው በከሰል፣ ጭቃ ያለው በአውራ ጣቱ ያትመዋል። በየአጥሩ በር፣ በየወፍጮው ድንጋይ፣ ኋላም በአስራት ሰብሳቢው ቤት ግድግዳ ላይ ታየ። ያን ጊዜ ፖሊስ መጣ። ትምህርት ቤት ሁላችንንም አሰልፈው ይህን የሠራው ማነው አሉ። ጌታነህ ከአጥር ውጭ ከሚያዩት ሰዎች መሐል ወጥቶ እኔ ነኝ አለ። አንጓች ወዲያው እጇን አወጣች። የሣልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም አለች። ዳይሬክተራችን፣ የሚወዷት ሰው፣ ዝም በይ ብለው ገሠጿት። ፖሊሶቹ ሳቁ። ሴት ልጅ ይህን አታስበውም አለ አንዱ። ጌታነህን አስረው ወደ አውራጃው ከተማ ወሰዱት።

ጌታነህ ያደረገው ጀግንነት ነው። የራሱ ያልሆነ ነገር መውሰዱም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዤ አንዱን አልጥልም።

አንጓች ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አላት። ሚኒስትሪ ፈተና አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ከቤቷ ስምንተኛ የደረሰ ሰው የለም፤ ብታልፍ መምህራን ማሠልጠኛ ትገባለች፤ እናቷ በየወሩ ከሲማዳ ሰው እየላከች ፈተናው ደረሰ ወይ ትላለች። ፈተናው የሚሰጠው ጌታነህ የታሰረበት ከተማ ነው። እናቴ ስንቅ አስይዛ እኔን አብራት ላከችኝ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ልብሷን ለብሳ እርሳሷን ይዛ ስትወጣ፣ መንገዱ ወደ ትምህርት ቤቱ አልነበረም። የት ነው አልኳት። ፖሊስ ጣቢያ አለችኝ፣ ቃሌን እሰጣለሁ። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ያስሩሻል አልኳት። ነጠላዋን ይዤ ጎተትኳት። ቆማ አየችኝ።

«ሚጥሚጣ፣ ሰው በኔ ሥራ ታስሮ እኔ ባልፍ፣ ያለፈው ማነው?» አለችኝ።

ጣቢያው ውስጥ አንድ አሥር አለቃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገረችው፤ ግድግዳውን፣ ከሰሉን፣ አራቱን አርብ። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር የሚሰማት። ቀስ በቀስ ሳቁን አቆመ። መሳቢያውን ሳበና ወረቀት አወጣ።

«እኔ ከጻፍኩት ዛሬ እዚሁ ነው የምትውይ። ገብቶሻል?» አላት።

«ይጻፉት» አለችው።

ስምሽ አላት፤ ነገረችው። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ አየሁ። ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። ያሰብኩት የእናቷን ፊት ነው፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

«ጌታዬ፣ አይስሟት» አልኩት። «መሣል አትችልም። የልጁ እጮኛ ናት፤ እሱን ለማስፈታት ነው።»

አሥር አለቃው እኔን አየኝ፣ እሷን አያት። ከዚያ ብዕሩን ጥሎ እስኪያስለው ሳቀ። በሩ ላይ ለቆመው ጓደኛው፣ እንዲህ ያለች ሚስት ለኛም ይስጠን አለው። ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለና ሂጂ፣ ሰርግሽ ላይ ጥሪን አላት። አንጓች ወደኔ እያመለከተች፣ እሷ ናት የምትዋሸው አለችው። እኔ ነኝ የሣልኩት አለችው ደግማ። እሱ ግን ባመነው ነገር ተደስቷል፤ ከጣቢያው ራሱ በእጁ ገፍቶ አስወጣን።

ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ፈተናው ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «እዚህ ጠብቂኝ፣ የሺመቤት» አለችኝ። የሺመቤት እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስሜ ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን በፊት በዚህ ስም ጠርታኝ አታውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላም በሌላ አልጠራችኝም።

አለፈች። ከአውራጃው አንደኛ ሆና ነው ያለፈችው። ማሠልጠኛ ገባች፣ እስቴ ተመደበች፣ እዚያው ኖረች። ጌታነህ ክረምቱ ሲወጣ ተፈታ። የአራቱ ክብ ጌታ ተባለ፤ ንጉሡ ወርደው ዘመን ሲለወጥም ትልቅ ቦታ ደርሶ ስለ ምልክቱ በየስብሰባው ተናገረ። ምናልባት በመጨረሻው ራሱም የሠራው መስሎት ይሆናል። አሁን እሱም የለም፤ ነፍስ ይማር።

አንድ ጊዜ፣ ሦስት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ እስቴ ድረስ ሄጄ ነበር። አክብራ ተቀበለችኝ። አልጋዋን ለኔ ለቃ እሷ መደብ ላይ ተኛች። እናቴን፣ አያ ባየህን፣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ሦስት ቀን ስቀመጥ ያን ነገር ልናገር እየቃጣኝ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስሄድ ልትሸኘኝ ከከተማው ጫፍ ወጣች። እዚያ ይቅር በይኝ አልኳት። የምን ይቅርታ አላለችኝም፤ ታውቀዋለች።

«ጠላት ቢሆን የዋሸብኝ እመልስለት ነበር» አለችኝ። «አንቺ ግን ለኔ ብለሽ ነው። ለኔ ብሎ ቃሌን ለሰረዘ ሰው መልሱን ፈልጌ አጣሁት፣ የሺመቤት።»

አቅፋ ሳመችኝ። ሄድኩ። ብዙ ጊዜ ልመለስ አስቤ ዓመቱ ሄደ። ገበያ ውስጥ በግራ እጇ የምትሰፍር ሴት ባየሁ ቁጥር ቆሜ ፊቷን አያለሁ። ልጆቼ ተጣልተው ሲመጡ ማን እንደጀመረ ሳልጠይቅ ፈርጄ አላውቅም፤ በዚህም ክፉ እናት፣ ክፉ አያት እባላለሁ። ይባል። ከማን እንደተማርኩት እኔ አውቃለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሰው ከኋላዬ ሚጥሚጣ ብሎ ቢጠራኝ እላለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ሞቷን በሰማሁ ማግሥት ተሳፈርኩ። ለሠልስቱ ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ያስተማረቻቸው እየተነሱ ተናገሩ፤ አንዱ ደብተር ስለገዛችለት፣ አንዷ ከጠለፋ ስላስጣለቻት፣ አንዱ ሲሳሳት ስላልመታችው። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ያስለቅሳል። ስለ አራቱ ክቦች የተናገረ ግን የለም። በከዘራዬ ተደግፌ ተነሣሁ።

ስሜን ከነአባቴ ስም ተናገርኩ። የአርብ ገበያ ልጅ ነኝ አልኩ። በንጉሡ ጊዜ በየበሩ የታተመውን ምልክት የሣለችው አንጓች ናት፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ለፖሊስ መሣል አትችልም ብዬ የተናገርኩት ውሸት ነው። የማንም እጮኛ አልነበረችም። ይህ ቃሌ ነው አልኩ።

ሰዉ እርስ በርስ ተያየ። አንድ ወጣት፣ የእህቷ ልጅ መሰለኝ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «የምን ምልክት ነው፣ እማማ?» አለኝ።

በድንኳኑ ውስጥ ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ። ሽማግሌ የተባሉት እንኳ ከኔ ያንሳሉ። ያን ዘመን ያየ ሰው አንድም አልነበረም። ቄሱ አዘኑልኝ፤ ከሩቅ መጥተው ደክሞዎት ይሆናል፣ ይቀመጡ፣ ውኃ ስጧቸው አሉ። አንዲት ልጅ ክንዴን ያዘችኝ።

«አልቀመጥም» አልኳቸው። «ገና አልጨረስኩም።»

ክንዴን አስለቀቅሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።